ያላነበብኩለት ማስታወቂያ

ስልኬ የጮኸው ከቅዳሴ ወጥቼ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጫማዬን ሳጠልቅ ነው። የምኖረው ጋምቤላ ነው፤ እዚህ ረፋዱ ላይ መሬቱ እግር ያቃጥላል። ስልኩን ሳየው «ትርንጎ ፎቶ ኮፒ» ይላል። ትርንጎ እንጅባራ ውስጥ የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ናት፤ ተማሪ ሳለሁ ሞጁሎቼን የማባዛው እሷ ዘንድ ነበር። ያለ ምክንያት አትደውልም።

«ገነት፣ የት ነሽ?» አለችኝ።

«ቤተ ክርስቲያን።»

«እንኳንም እዚያ ሆንሽ። መርዶ በስልክ እንደማይነገር አላጣሁትም። ግን እዚያ ድረስ ማንን ልላክብሽ? ላቀው ዐረፈ፣ እቴ። ትናንት። አመመኝ ብሎ ሦስት ቀን ተኛ፣ ሐኪም ቤትም ወስደነው ነበር፣ አልሆነም። አለሽ?»

«አለሁ» አልኳት።

የሚቀጥለውን ካልጻፍኩ ሌላውን ሁሉ ባልጽፍ ይሻላል። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እንደቆምኩ አስቀድሞ የመጣልኝ ስሜት ዕፎይታ ነበር። ከትከሻዬ ላይ አንድ ነገር ወረደ። «ከእንግዲህ አያውቅም» አልኩ በልቤ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ለላቀው ይሁን ለራሴ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ «አይዞሽ እናቴ» እያለ በኩባያ ውኃ አመጣልኝ። ተቀብዬ ጠጣሁ።

ላቀው አስጠኚዬ ነበር። ያገኘሁት ፈተና ወድቄ ነው።

ዳንግላ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት እያስተማርኩ፣ ቅዳሜና እሑድ በሚኒባስ እንጅባራ እየተመላለስኩ ሳይኮሎጂ ተማርኩ። የክፍል ውጤቴ የሚያሳፍር አልነበረም። የመውጫ ፈተናው ግን ጣለኝ፤ እሱን ያላለፈ ደግሞ የስንት ዓመት ልፋቱ ዲግሪ አይሆንለትም። ለአባቴ «ውጤት ተጠቃሎ አልወጣም» አልኩት። እውነትም የአንዳንዶቹ ገና አልወጣም ነበር። እንዲህ ያለውን አነጋገር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅበታለሁ፤ ሐሰት ከአፌ ሳይወጣ ሰውን የማሳሳት አነጋገር። ለሁለተኛ ጊዜ እንድቀመጥ ሲፈቀድልኝ የሚያስጠናኝ ሰው ፍለጋ ገባሁ። መምህራኑን ጠየቅሁ፣ ጊዜ የላቸውም። ከፈተናው ያለፉትን ጠየቅሁ፣ ተበታትነዋል። አንድ ቅዳሜ ተስፋ ቆርጬ ትርንጎን አማከርኳት።

«አንድ አለ» አለች ወረቀት እያስተካከለች። «ሳይኮሎጂ በማዕረግ የተመረቀ። እዚሁ ጓሮ ነው የሚኖረው። ዓይኑ ግን አያይም።»

እኔም ድምፄን እንኳ ዝቅ ሳላደርግ «ታዲያ እንዴት አድርጎ ነው የሚያስጠናኝ? ግራፉን፣ ሠንጠረዡን ማን ያይለታል?» አልኩ።

ከበሩ ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ «እመቤቲቱ» የሚል ድምፅ መጣ። «ባለፈው ግራፉን እያየሽ አይደል የወደቅሽው?»

ትርንጎ ከሳቋ የተነሣ ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ተቀረቀረባት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከአግዳሚው ላይ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ተነሣ። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ የሱሪው ተኩስ ቢላዋ ይመስላል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። በኋላ እንዳየሁት ከሊስትሮዎቹ ጋር «ቡኒ ነው ብላችሁ ጥቁር ትቀቡኛላችሁ» እያለ የሚጣላ፣ ለመልኩ የሚጨነቅ ሰው ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት።

«ይቅርታውን ተዪው። አንተ በይኝ፣ አንቱ አትበይኝ። የትኛው ምዕራፍ ነው የጣለሽ?»

ክፍያውን ስጠይቀው «ዓይን» አለኝ። አንድ ሰዓት እሱ ያስጠናኛል፤ አንድ ሰዓት እኔ አነብለታለሁ። ውላችን ይኸው ነበር። ሌላ ሁለተኛ ነገር ጨመረ፦ «ስናጠና በሩ ክፍት ይሁን። እኔ ባላይም ቆሰበር ያያል።» እንጅባራን ሁልጊዜ በጥንቱ ስሟ ቆሰበር ነበር የሚላት።

የሚኖርባት ክፍል በትርንጎ ግቢ ጓሮ ናት። በሩ ላይ የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይሰነጥቃሉ፣ ይፍቃሉ። «መምህር» ብዬ ስጠራው አስቆመኝ። «ገና አልተቀጠርኩም። የቅጥር ደብዳቤዬ ሲመጣ ያን ጊዜ ትይኛለሽ።» ስለዚህ «አያ ላቀው» አልኩት። እሱ ደግሞ ጾም አጥባቂ መሆኔን ባወቀ በሁለተኛው ሳምንት «እማሆይ» የሚል ስም አወጣልኝ። በጾም ቀን ገና ረፋዱ ላይ የተቀቀለ ድንቹን በአዋዜ እያጠቀሰ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቺ ጹሚልኝ፣ እማሆይ። እኔ የማስተምርበት ጉልበት ያስፈልገኛል» ይለኝ ነበር።

በመጽሐፉ ላይ ስለ መማር የሚያወራው ምዕራፍ በውሻና በደወል ይጀምራል። ላቀው ውሻውን ትቶ የአጎቱን ፈረስ አመጣልኝ።

«አጎቴ ከገበያ ሲመለስ ጥርባ መዳረሻ ላይ አንዲት አረቄ ቤት ሳይወርድ አያልፍም። ፈረሱም ለመደ። በኋላ አጎቴ ታቦት ፊት ቆሞ ማለና አረቄ ተወ። ፈረሱ ግን አልማለም! በሩ ላይ ሲደርስ ቀጥ። አጎቴ ይወቅጠዋል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ሴትዮዋ ወጥታ 'ምነው ጌታው፣ ይግቡ እንጂ' ትላለች። እሺ እማሆይ፣ የተማረው ማን ነው?»

«ፈረሱ።»

«ምላሹስ?»

«መቆሙ።»

«እንዴት ነው የሚጠፋው?»

«አጎትህ ሳይወርዱ ብዙ ጊዜ ካለፉ…»

«ሁለት ክረምት ፈጀ። በመጨረሻ ፈረሱን ሸጠው። ይኸን ፈተናው ላይ እንዳትጽፊ።»

ስታትስቲክስን ያስተማረኝ በድንች ነው። ሁለት ሳህን አስቀርቦ ዓይኔን አስጨፍኖ አስዳሰሰኝ። በአንዱ ያሉት እኩል እኩል ናቸው፤ በሌላው ግማሹ ጭብጥ አይሞላም፣ ግማሹ የሕፃን ራስ ያህላል። «አማካዩ አንድ ነው። አሁን ልዩነቱ የት እንዳለ በእጅሽ አወቅሽው?» አለኝ። ያን ቀን ዓይኔን ስገልጥ፣ ለሁለት ሴሚስተር ያስጨነቀኝ ነገር ይኸን ያህል ቀላል ነበር ወይ ብዬ ልስቅ ወይ ላለቅስ ፈለግሁ።

ገር ሰው ነው ብዬ ግን አላታልላችሁም። ግማሽ ሰዓት ከዘገየሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጠብቀኛል፤ መኪና አጣሁ ስለው «መኪናው ሰዓት አያውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ይላል። ዳንግላ ተወልጄ አገውኛ አለመቻሌን ባነሣ ቁጥር ይናደዳል። «እናቴ አማርኛዋ ገበያ ድረስ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ አገውኛሽ ሰላምታ እንኳ አይሞላም። ብትገናኙ እኔን መሐል አቁማችሁ ልታደክሙኝ ነው» ይለኝ ነበር።

የሱ ሰዓት ሲደርስ ክርኔን በሁለት ጣቱ ይዞ እንወጣለን። «ግድግዳ እናንብብ» ይላል። በከተማው ውስጥ ማስታወቂያ የሚለጠፍባቸውን ሰሌዳዎች ሁሉ ቅደም ተከተላቸውን ያውቃል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱን፣ የባንኩን አጥር፣ የመናኸሪያውን ግንብ። ሁሉንም አነብለታለሁ፤ የጨረታውን፣ የቤት ሽያጩን፣ የፍርድ ቤት ጥሪውን። የጠፋ በሬ ማስታወቂያ በጣም ይወዳል።

«ቀይ፣ ግንባሩ ቦቃ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የዞረ… 'ውድ በሬዬ' ይላል?»

«አይልም።»

«ማለት ነበረበት። ሰውየው አልቅሶ ነው የጻፈው። ቀጥዪ፣ እስከ ማኅተሙ።»

ቀልዱ ይኸ ነበር፤ ጉዳዩ ግን ቀልድ አልነበረም። ከተመረቀ ዓመታት አልፈውት ነበር። የሳይኮሎጂ ቅጥር በዓመት አንዴ ቢወጣ ነው፤ ሲወጣም ወረቀት ላይ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰው አንብቦ፣ አውርቶ፣ ወሬው ዞሮ እሱ ዘንድ ሲደርስ ምዝገባው ያልቃል። «ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነው የምሰማው» አለኝ አንድ ቀን። እናቱ ከጥርባ ወዲያ ባለ መንደር ብቻዋን ናት። በሰባት ዓመቱ ዓይኑ ሲጠፋ ጠበል ለጠበል ይዛው የዞረች፣ አሁንም ይድናል ብላ የምትሳል ሴት። «ደብዳቤዬ ሲመጣ አንድ ክፍል ጨምሬ ተከራይቼ አመጣታለሁ። ያን ጊዜ ዓይኔን ትረሳልኛለች» ነበር የሚለው።

ከእኔ ጋር የሚማር አንድ ሳጅን ነበር፤ ደግ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። አንድ ቅዳሜ አብሮን ወጣና «ዛሬ እኔ ላንብብለት» አለ። አንዱን ወረቀት ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ቃኘና «በአጭሩ ቅጥር ነው፣ አንተን አይመለከትም» አለው።

ላቀው ቆመ። «በአጭሩ? ሳጅን፣ አንተ የምስክር ቃል ስትቀበልም በአጭሩ ነው?»

«አይ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ነው።»

«የማይመለከተኝን የምለየው እኔ ነኝ። አንተ ያየኸውን ብቻ በል። ስታሳጥርልኝ የጣልከውን ከየት አገኘዋለሁ?»

ወደ ቤት ስንመለስ ክርኔን ጠበቅ አድርጎ «አንቺ ጥሩ አንባቢ የሆንሽው ፈሪ ስለሆንሽ ነው። እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት መስመር አትዘልም» አለኝ። ደስ አለኝ። ከመምህር ካገኘሁት ማርክ ሁሉ በልጦ ደስ አለኝ።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኔ ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ፊት ቆመን ሳለ አየሁት። ሁለት የጨረታ ወረቀቶች መሐል ተለጥፏል። የሥራ መደብ፣ የሥነ ልቦና አማካሪ። ብዛት፣ አንድ። የሥራ ቦታ፣ ጫግኒ። የትምህርት ደረጃ፣ በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ። ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ። ምዝገባው ከትናንትናው ዓርብ ጀምሮ ለሰባት የሥራ ቀናት።

አንድ ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ ዛሬም በቃሌ ነው። ማሰቡም ጊዜ አልፈጀብኝም። ሰኞ ጫግኒ ይወርዳል። ይመዘገባል፣ ይፈተናል፣ ቤት ይፈልጋል። የሥነ ልቦና ምዘናው ምዕራፍ ገና አልተነካም። ሁለተኛ ብወድቅ ለአባቴ ምን እላለሁ? ይኸ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈ።

«ምን አለ?» አለኝ።

ከላይ ያለውን የባሕር ዛፍ ጨረታ አነበብኩለት፤ ቀስ ብዬ፣ እስከ ማኅተሙ። ከዚያ ዓይኔን ወደ ታች አወረድኩና የታችኛውን አነበብኩለት፤ እሱንም እስከ ማኅተሙ።

«ሌላስ?»

«ዝናቡ እኮ መጣ፣ አያ ላቀው። ወረቀቱም እየራሰ ነው።»

ሁለቱም እውነት ነበር። ጠብታው ጀምሯል፤ ወረቀቱም ጠርዙ እየራሰ ነበር።

«እንሂድ እንግዲህ» አለና ጃኬቱን አውልቆ ደብተሮቼ ላይ ጣለልኝ። በሸሚዙ እየበሰበሰ ነው የተመለሰው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደውዬ እነግረዋለሁ አልኩ። ዳንግላ ኔትወርክ አልነበረም። ሰዎች ሲማረሩ እኔ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቀለል ብሎኝ ሄድኩ። ሰኞ ኔትወርኩ መጣ፤ እኔ ሥራ በዛብኝ። ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ምዝገባው የሚዘጋው የሚመጣው ሳምንት ሰኞ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ብነግረውም ይደርሳል፤ እኔም አንድ ጥናት አተርፋለሁ። እንዲህ ከራሴ ጋር ተዋዋልኩ።

ቅዳሜ ስደርስ ያ ዝናብ ጉንፋን አስይዞት አገኘሁት። አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ የምዘናውን ምዕራፍ ትርንጎን አስነብቦ አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። አንድ ሰዓቱ ሲያልቅ ደብተሬን አጠፍኩ። አሁን እነግረዋለሁ ብዬ አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ዛሬ ግድግዳው ይቅር። ፈተናሽ ደርሷል፣ የኔን ሰዓት ውሰጂው።»

ወሰድኩት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ነው የወሰድኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚያ በተዘጋ ድምፁ አስጠናኝ። ያን ዕለት ካስጠናኝ መሐል፣ ሰው የሚያምነውና የሚያደርገው ሳይስማማለት ሲቀር የሚሆነው ነገር ነበረበት፤ መጽሐፉ ኮግኒቲቭ ዲሶናንስ ይለዋል። «ሰውየው በጾም ወተት ጠጣ እንበል» አለኝ። «ወይ ወተቱን ይተዋል፣ ወይ 'አሞኝ ነው' ይላል። ብዙ ሰው የሚመርጠው የትኛውን ይመስልሻል?» «ሁለተኛውን» አልኩ። «ደግ። ይኸ ፈተና ላይ አይቀርም» አለ። አልቀረምም። በትክክል መለስኩት።

ሰኞ አለፈ። ያን ሳምንት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩና «ለሰው ማድረግ የሚገባኝን ሳላደርግ ቀረሁ» አልኳቸው።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«አንድ ወረቀት ሳላነብለት ቀረሁ።»

ምን ወረቀት እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። «ምነው፣ ሂጂና አንብቢለት እንጂ! አርባ ደግሞ ስገጂ» አሉኝ። ስግደቱን በዚያው ቀን ጨረስኩት፤ ጉልበቴ እስኪላጥ። የታዘዝኩትን ሌላውን አላደረግሁም። ምዝገባው ካለፈ ማንበቡ ምን ይጠቅመዋል አልኩ።

ፈተናውን አለፍኩ። የነገርኩት በስልክ ነው፤ ከወዲያ በኩል ቀርከሃ ፋቂዎቹን «እልል በሉ! እማሆይ አለፈች!» ሲላቸው ሰማሁ፤ እነዚያም መፋቂያቸውን ይዘው እልል አሉልኝ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ እሱ ደወለ። ድምፁ ሌላ ነበር።

«ጫግኒ አማካሪ ቀጠሩ አሉ፤ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም» አልኩ። መቀጠራቸውን እውነትም አልሰማሁም ነበር።

«በውስጥ ነው የቀጠሩት። ማስታወቂያ ወጥቶ ቢሆን አንቺ ታነቢልኝ አልነበር? መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ያንን ማስታወቂያ ለጣፊውን ሰውዬ አዋርጄ ለቀቅሁት። ለጥፌያለሁ ብሎ በልጆቹ ይምላል! እኔ በየሳምንቱ የሚያነብልኝ ሰው አለኝ፤ መስመር አትዘልም፣ ትዋሻለህ አልኩት። ሰው ፊት። ሐሰቱ ነው አይደል?»

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሌዳው ፊት ስንቆም ከመስኮቱ ሆኖ ሰላም ይለን የነበረ፣ ወረቀቱ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ የሚሸፍን ሰው ነው።

«ይሆናል» አልኩ።

ያቺ ቃል ናት። እስከዚያ ድረስ ዝም ብዬ ነበር፤ ዝናብና ኔትወርክ እየቆጠርኩ ነበር። እዚያ ላይ ግን በአፌ፣ በግልጽ፣ ልጆቹን ጠርቶ የማለ ሰው ላይ መሰከርኩ።

ላቀው ቢመዘገብ ይቀጠር ነበር ወይ? አላውቅም። «ላይቀጠርም ይችል ነበር» እያልኩ ብዙ ቀን አሳልፌያለሁ። ግን የጠፋበት ሥራው ብቻ አይደለም፤ ሄዶ ተሰልፎ «አይሆንም» የመባል መብቱንም ወስጄበታለሁ። ከዚያ በኋላ ያ ማስታወቂያ በከተማው ሰሌዳ ላይ አልወጣም፤ ወጥቶም ከሆነ እሱ አልደረሰበትም። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ጋምቤላ ሥራ አገኘሁ፤ ሥራዬም የማማከር ነው። ሰዎች ያደረጉትን ተሸክመው ይመጣሉ፣ እሰማቸዋለሁ። መጀመሪያ በየሳምንቱ እደውልለት ነበር፤ ከዚያ በየበዓሉ፤ ከዚያ እሱ ሲደውል ብቻ። ሁልጊዜ «እዚያ የምታነቢው ግድግዳ አለ ወይ፣ እማሆይ?» ይለኛል። ሌሎች ተማሪዎች ያነቡለት ነበር። ትርንጎ እንደነገረችኝ ሁሉንም «ገነት እንዲህ ትዘላለች ወይ?» እያለ ነበር የሚያስመርራቸው።

መርዶውን በሰማሁ ቀን ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ደግማ ደወለች። ቀብሩ ነገ ነው፤ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ያስፈልጋል። «እኛ ማን ይጽፍልናል? እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ጽፈሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ እዚሁ አትመዋለሁ።» መኪናው ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ለቀብር እንደማልደርስ እሷም እኔም እናውቃለን። ተቀምጬ ጻፍኩ። የተወለደበትን፣ የተማረበትን፣ ያስጠናቸውን ሁሉ ጻፍኩ። ሥራው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ከዚያ እንዲህ ብዬ ቀጠልኩ፦ «ወጣት ላቀው በተመረቀበት ሙያ የመቀጠር ዕድል ሳይገጥመው…»

ቆንጆ፣ የተለመደ ዓረፍተ ነገር ነው። በየለቅሶው የምንሰማው ዓይነት። ላክሁት።

ከቀብሩ ጥቂት ቀን በኋላ ትርንጎ ሁሉንም ነገረችኝ። ያነበበው ሳጅኑ ነው፤ አንዲት ቃል ሳያሳጥር፣ ድምፁ እየተቆራረጠ አነበበው። እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ሴቶቹ አለቀሱ። እናቱ ሰው ለምን እንዳለቀሰ ጠየቀች። አንድ ዘመዷ በአገውኛ ተረጎመላት። እሷም ደረቷን እየመታች የመለሰችውን ትርንጎ አስተርጉማ ሰምታለች። «ዕድሉን እኔ ነኝ ያበላሸሁበት» ነው ያለችው። «በልጅነቱ አጨዳ ደርሶብኝ ጠበሉን ሳይጨርስ ይዤው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ልጄ የሚሞክረው ሁሉ እንቢ ያለው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚያስተዛዝናት ሁሉ ይኸንኑ ትላለች አለችኝ ትርንጎ፤ እህልም አትቀምስም።

ይኸን የምጽፈው ለዚህ ነው። በዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የቆማችሁ፣ ያን ወረቀት የሰማችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለአርባው ለመውጣት ተነሥቻለሁ፤ መንገዱ ከፈቀደ እደርሳለሁ። እኔ እስክደርስ ግን አትጠብቁኝ። እናቱ ዘንድ ጎራ የምትሉ፣ አገውኛ የምትችሉ፣ ቁጭ ብላችሁ ንገሯት። የላቀው ሥራ በጠበል ምክንያት አልቀረም በሏት። ቅጥሩ ወጥቶ ነበር፤ ያነበበችው ሴት ነበረች፤ ፈተናዬ ይለፍልኝ ብላ ደበቀችበት በሏት። ስሟ ገነት ነው፣ የዳንግላ ልጅ ናት በሏት። «ልጅነት ነው፣ ጭንቀት ነው» ብላችሁ እንዳታለዝቡልኝ። ያንን ለጣፊ የምታውቁትም፣ ውሸታም የተባለው በእኔ ምክንያት እንደሆነ ለእሱም ለሰሙትም ንገሩልኝ።

እሷ የምትመልሰውንም ለትርንጎ ንገሯት፣ ትጻፍልኝ። እርግማንም ቢሆን እንዳለ ይጻፍ።